ጥልቁ ባሕርና ካሉብ

ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ከባሕር ወለል በታች ስለሚወጣ ነዳጅ ምን አግብቶት ይጽፋል? የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ወንድሞቻችን እንደሚነሣብን አስቀድመን እናውቃለን። ጥያቄውን አንነቅፈውም። ነገር ግን ስለ ባሕሩ ለመጻፍ ያነሣሣን የባሕር ናፍቆት አይደለም። በሶማሌ ክልል በረሃ፣ ካሉብና ሂላላ በሚባሉት ሥፍራዎች፣ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ ከታወቀ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን «ሥራው ለምን ዘገየ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ከሚሰጡት መልሶች አንዱ «ቴክኒኩ ከባድ ስለ ሆነ ነው» የሚል ነበር። እኛ ደግሞ የምህንድስናና የሥነ ምድር ተማሪዎች እንደ መሆናችን ከባድ የተባለው ቴክኒክ የቱ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል ብለን ተነሣን። ይህን ለማወቅ አቋራጩ መንገድ ሰዎች እጅግ አስቸጋሪ በሆነው ሥፍራ ምን እንደ ሠሩ ማየት ነው። ያ ሥፍራ ጥልቁ ባሕር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

መጀመሪያ ጥልቀቱን በምናውቀው ነገር እንለካው። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ እንጦጦ ማርያም የወጣ ሁሉ ቦታውን ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያኗ የቆመችበት ተራራ ከባሕር ወለል ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ሰው ከዚያ ቆሞ ወደ ደቡብ ሲመለከት ከተማው በእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታየዋል፤ መስቀል አደባባይ ከቆመበት ቢለካ ዝቅታው ሰባት መቶ ወይም ስምንት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን ሲመልስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ በኩል የሚወርደው ውሃ በሱሉልታና በሙገር አድርጎ ወደ አባይ ይገባል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የአባይ ድልድይ ያለበት የሸለቆው ወለል ከባሕር በላይ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የመንገዱን ርቀት ትተን ከፍታውን ብቻ ብንወስድ፣ ከእንጦጦ ማርያም አጥር እስከ አባይ ድልድይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። አሁን አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ሸለቆ በአሳብህ በጨው ውሃ ሙላው። መርከቢቱ እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ላይ ትቁም። ጕድጓዱ የሚቈፈረው አባይ ድልድይ አጠገብ ነው፤ ውሃው የሚያበቃው እዚያ ሲሆን ቍፋሮው ገና የሚጀመረው እዚያ ነው።

ይህ በአሳብ የሞላነው ሸለቆ በእውነት ያለ ነው። በሞዛምቢክ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ሮቩማ በሚባለው የባሕር ክፍል፣ የኢጣልያው ኤኒ ኩባንያ በ2012 ኮራል የሚባለውን የጋዝ መስክ አገኘ። የውሃው ጥልቀት ሁለት ሺህ ሜትር ነው። በ2017 ሥራው እንዲጀመር ተወሰነ። በኮሪያ የመርከብ መሥሪያ ርዝመቷ 432 ሜትር፣ ስፋቷ 66 ሜትር የሆነ ተንሳፋፊ ፋብሪካ ታንጻ፣ ኮራል ሱል ተብላ፣ በ2022 መጀመሪያ ከቦታው ደረሰች። በኖቬምበር 2022 የመጀመሪያው ጭነት ወጣ። ከተገኘበት እስከ ተሸጠበት ዐሥር ዓመት ማለት ነው። ይህን ቍጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ችግሩ ምን ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ውሃ በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨምራል። በሁለት ሺህ ሜትር ጥልቀት ሁለት መቶ አትሞስፌር ይሆናል፤ ይኸውም የአንዲት ጣት ጥፍር በሚያህል ስፋት ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ እንደ መጫን ነው። ብርሃን የለም። ቅዝቃዜው ለበረዶነት ጥቂት ዲግሪ የቀረው ነው። ጠላቂ ዋናተኛ እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ ማንኛውም ብሎን የሚጠብቀውና የሚላላው ከላይ ሆነው በገመድና በካሜራ በሚነዱት መኪና እጅ ነው። መርከቢቱም ብትሆን እንደ ቤት በመሠረት አልቆመችም። ነፋስና ማዕበል እየገፋት፣ ወይ በብዙ ሰንሰለትና መልሕቅ ታስራ፣ ወይ በሞተር ኀይል ራሷን እያስተካከለች፣ ከጕድጓዱ አፍ ትክክል ሳትርቅ መዋል ማደር አለባት።

ይሁንና ይህ ሁሉ ከሩቅ የሚታየው ችግር ነው። የሥነ ምድር ተማሪ የሚደነቅበት ሌላ ነገር አለ። ጕድጓድ ሲቈፈር በቧንቧው ውስጥ ከባድ ጭቃ ይላካል። የጭቃው ክብደት ከታች ያለውን ጋዝ ተጭኖ ይይዘዋል። ጭቃው ቀሎ ከተገኘ ጋዙ ወደ ላይ ይገነፍላል፤ ከልክ በላይ ከከበደ ደግሞ ዐለቱን ሰንጥቆ እዚያው ይጠፋል። በየብስ ላይ በነዚህ በሁለቱ መካከል ለመሐንዲሱ ሰፋ ያለ ቦታ አለው። በጥልቅ ባሕር ግን ከላይ የተጫነው ሁለት ሺህ ሜትር ድንጋይ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ውሃም ከድንጋይ በጣም ስለሚቀል ከሥሩ ያለው ዐለት እንደ የብሱ ተጨምቆ አልጠነከረም፣ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሐንዲሱ የሚራመድበት መንገድ እንደ ግንብ ጫፍ የጠበበ ነው። ጥቂት በቈፈረ ቍጥር የብረት ቧንቧ እያስገባ በሲሚንቶ እያጣበቀ፣ እንደ ገና በጠበበ ቧንቧ እየቀጠለ ይወርዳል። በሥዕል ሲታይ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ የሸንበቆ ዘንግ ይመስላል።

የዚህ መንገድ ጥበት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ታየ። ማኮንዶ በሚባለው ጕድጓድ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ውሃ በታች፣ ቢፒ የተባለው ኩባንያ ያስቈፍር ነበር። ቍፋሮው አልቆ ጕድጓዱ ሊታሸግ ነበር። ከታች የተደረገው ሲሚንቶ አልያዘም። መያዙን ለማወቅ የግፊት ፈተና ተደረገ፤ የፈተናው ቍጥር «አልያዘም» እያለ በመርከቢቱ ላይ የነበሩት ሰዎች «ይዟል» ብለው ተረጐሙት። ጋዙ ወጣ፣ ተቀጣጠለ፣ ዲፕ ዋተር ሆራይዘን የተባለችው መርከብ ነድዳ ሰጠመች፣ 11 ሠራተኞች ሞቱ። በባሕሩ ወለል ላይ የነበረው የጕድጓድ አፍ መዝጊያ መኪናም መዝጋት ሲገባው አልዘጋም። ዘይቱ ለ87 ቀን ወደ ባሕር ፈሰሰ። እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደን የፈተናው ነገር ነው። መሣሪያው አልዋሸም፤ በቦታው የነበሩት ሰዎች ቍጥሩን እንደ ጠበቁት አነበቡት። በላቦራቶሪ ውስጥ ውጤቱን ከመጽሐፉ ጋር ለማስማማት የሚጣጣር ተማሪ ይህን ታሪክ ቢያውቅ መልካም ነው።

ከዚያም በኋላ ሌላ ትምህርት መጣ። የሚፈሰውን ዘይት ለመያዝ መቶ ቶን ያህል የሚመዝን የብረት ቆብ አውርደው ከጕድጓዱ አፍ ላይ ሊደፉት ሞከሩ። ቆቡ ግን በበረዶ መሰል ነገር ተሞልቶ ተደፈነ። ይህ ነገር ሃይድሬት ይባላል። ጋዝና ውሃ በከፍተኛ ግፊትና በቅዝቃዜ ሲገናኙ የጋዙን ቅንጣት በውሃ ቅርጫት ውስጥ ያሰረ በረዶ ይሠራሉ። ለጥልቅ ባሕር መሐንዲስ የዘወትር ጠላቱ ይኸው ነው። ከጕድጓዱ በሙቀት የወጣው ጋዝ በቀዝቃዛው ወለል ላይ በቧንቧ ሲሄድ ይበርዳል፤ በውስጡ ያለችው ጥቂት ውሃ ከጋዙ ጋር ትረጋና ቧንቧውን እንደ ቡሽ ትወትፈዋለች። ስለዚህ ከመርከቢቱ ወደ ታች ሌላ ቀጭን ቧንቧ ተዘርግቶ ግላይኮል ወይም ሜታኖል ያለማቋረጥ ይላካል። በመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ዘመድ ነው።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የጥልቁ ባሕር ሥራ እኩሌታው ቍፋሮ ሲሆን ሌላው እኩሌታ የወጣውን ነገር ማጓጓዝ ነው። ጋዝ እንደ ዘይት በበርሜል አይጫንም። ወይ በቧንቧ እስከ ገዢው ቤት ይሄዳል፣ ወይ እስከ 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መጠኑ ስድስት መቶ ጊዜ ያንሳል። ኮራል ሱል ያን ያህል ግዙፍ የሆነችው ለመቈፈር ብላ አይደለም፤ ትልቅ ማቀዝቀዣ ስለ ሆነች ነው። ይህን ሁሉ ወጪ ያወጡት ሰዎችም ገና አንድ ብረት ሳይቈርጡ ጋዙን ለሃያ ዓመት የሚገዛ ድርጅት በውል ይዘው ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

በ1945 የአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ በኢትዮጵያ ዘይት እንዲፈልግ ፈቃድ አገኘ፤ በ1950ዎቹ ትቶ ሄደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ የተባለው ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብንና ሂላላን አገኘ። አብዮትና የኦጋዴን ጦርነት መጣ፣ ቴኔኮ ወጣ። በ1980ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች መጥተው በካሉብ ብዙ ጕድጓድ ቈፈሩ፤ መንግሥታቸው ሲፈርስ ሄዱ። በ1994 የዓለም ባንክ ለካሉብ ልማት ብድር ፈቀደ፤ ጋዝ ሳይወጣበት ቀረ። የማሌዥያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄደ። በ2013 ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ተዋዋለ። በጁን 2018 ከሂላላ ድፍድፍ ዘይት በሙከራ ሲወጣ ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን፣ ደስም አለን። በ2019 ጋዙን በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ለማውረድ ከጅቡቲ መንግሥት ጋር ስምምነት ተፈረመ። በ2022 የኩባንያው ፈቃድ ተሰረዘ። በኦክቶበር 2025 የካሉብ የመጀመሪያው ምዕራፍ ፋብሪካ ተመረቀ፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ ነው። ከተገኘበት እስከ ተመረቀበት ኀምሳ ዓመት ያለፈ ነው። ያ በልብ ይያዝልን ያልነው ቍጥር ዐሥር ነበር።

ካሉብ ምን ያህል ጥልቅ ነው? ጕድጓዶቹ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። ይህ በነዳጅ ሥራ ዘንድ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከላዩ ውሃ የለም፣ ማዕበል የለም፣ ሰው በእግሩ እስከ ጕድጓዱ አፍ ይሄዳል። ሙቀት እንጂ ቅዝቃዜ የለም። ጋዙን ከያዙት ዐለቶች አንዱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚባለው ነው፤ ስሙ እንደሚነግረን በትግራይ ምድር ላይ ተጋልጦ ይታያል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ያ በአሳባችን ውሃ የሞላነው የአባይ ሸለቆ፣ ከድልድዩ አጠገብ፣ ይህንኑ የድንጋይ ንጣፍ አውጥቶ ያሳያል። በኦጋዴን በሺህ ሜትሮች የተቀበረውን ዐለት በጎሐ ጽዮን በኩል ወርዶ በመዶሻ መምታት ይቻላል ማለት ነው። ብዙ አገር ይህን ዕድል አላገኘም።

ስለዚህ በካሉብ ቍፋሮው አልነበረም የከበደው። ሩስያውያኑ ከአርባ ዓመት በፊት ጨርሰውታል። የከበደው ከጕድጓዱ አፍ በኋላ ያለው ነው፤ ጋዙን ማን ይገዛል፣ በምን ይሄዳል፣ የማን ነው፣ ጠባቂው ማን ነው የሚለው ነገር። ካሉብ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከላይ በተባለው መጠን የሚመረተውን ፈሳሽ ጋዝ አንዱ ቦቴ አርባ አምስት ሺህ ሊትር ይይዛል ብለን ብናካፍለው በቀን ሰባት ቦቴ አይሞላም። በቶን ብናሰላው ደግሞ ኮራል ሱል በዓመት የምታወጣው 3.4 ሚሊዮን ቶን ከዚህ ስድሳ እጥፍ ይበልጣል። ሥሌቱ የእኛ ነው፤ ማንም በእርሳስ ሊያረጋግጠው ይችላል። ይህን ስንል የተመረቀውን ሥራ ለማናናቅ አይደለም። ጥቂት ቢሆንም መጀመሪያ ነው፣ በምረቃ ቀን የተጨበጨበውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሁለተኛው ምዕራፍ ብዙ እጥፍ እንደሚሆን ተነግሯል፤ ያን ጊዜ የቦቴ ነገር አይበቃም፣ የቧንቧ ነገር ይመጣል፣ ቧንቧም ገዢ ይፈልጋል።

የሰላሙንም ነገር ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። በኤፕሪል 2007 አቦሌ በተባለው ሥፍራ የነበረው የነዳጅ ፈላጊዎች ሰፈር በታጣቂዎች ተጠቅቶ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። በሞዛምቢክም ይኸው ደርሷል። በባሕር ላይ ያለችው ኮራል ሱል ሥራዋን ስትቀጥል፣ ጋዙን ወደ የብስ አውጥቶ ለማቀዝቀዝ በቶታል ኩባንያ የተጀመረው ሌላ ትልቅ ሥራ በማርች 2021 ፓልማ ከተማ በታጣቂዎች በተወረረች ጊዜ ቆመ፤ ለዓመታትም ቆሞ ቆየ። አስገራሚ ነገር ነው። ሁለት ሺህ ሜትር ውሃ ካቃተው ይልቅ ደረቅ መሬት ያቃተው በዛ። ውሃው ቢከብድም ሰው አይኖርበትም። በመሬቱ ላይ ግን ግመሉን የሚያጠጣ፣ ከብቱን የሚያሰማራ፣ «ከምድሬ የሚወጣው ለእኔ ምን ይተርፈኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። በ2020 በካሉብ አካባቢ ያሉ አርብቶ አደሮች ከጋዝ ሥራው በሚወጣ ቆሻሻ ታመምን ብለው ማመልከታቸው በዓለም ጋዜጦች ተጽፎ ነበር፤ መንግሥት ነገሩን አስተባብሏል። እውነቱ በየትኛውም ወገን ቢሆን፣ የጕድጓዱን ውሃ በየወሩ እየቀዳ የሚመረምርና ውጤቱን በሶማሊኛ ለነዋሪው የሚያነብ ላቦራቶሪ ቢኖር ክርክሩ በቍጥር ያልቅ ነበር። ይህ የኬሚስትሪ ተማሪ ሥራ ነው፤ ከባዕድ አገር የሚመጣ ጥበብ አይሻም።

ሰሜኑንም ባሕር ሳናነሣ አንለፍ። በቀይ ባሕር፣ በምጽዋ በኩል፣ በ1969 የሞቢል ኩባንያ ሲቈፍር ጋዝ ገንፍሎበት እንደ ነበር በሥነ ምድር ጽሑፎች ይገኛል። ያ ባሕር ከ1993 ወዲህ የሌላ አገር ዳርቻ ነው፤ ስለ እርሱ የሚነሣው ክርክር የዚህ ገጽ ጕዳይ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመን ይህን ያህል ነው፦ በባሕሩ ሥር ብዙ መቶ ሜትር፣ በአንዳንድ ቦታም ብዙ ሺህ ሜትር ውፍረት ያለው የጨው ንጣፍ ስላለ ከጨው በታች ያለውን ለማየት ለመሣሪያ ያስቸግራል።

ጨው በማለታችን ብራዚልን አስታወስን፤ ጽሑፋችንም ዋና ነገሩን ያገኘው እዚያ ነው። ብራዚል ነዳጇን ከውጭ ትገዛ የነበረች አገር ናት። ፔትሮብራስ የተባለውን የመንግሥት ኩባንያ በ1953 አቋቋመች። በየብስ ላይ ብዙ አላገኘችም። በ1974 ካምፖስ በሚባለው የባሕር ክፍል፣ መቶ ሜትር ጥቂት ባለፈ ውሃ ውስጥ አገኘች። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ሁሉ እየራቀ እየጠለቀ ሄደ፤ አራት መቶ፣ ስምንት መቶ፣ አንድ ሺህ ሜትር። በዚያ ጥልቀት የሚሠራ መሣሪያ በዓለም ገበያ አልነበረም፤ ሊገዛም አይችልም። ታዲያ ምን አደረጉ? የፔትሮብራስን የምርምር ማዕከል በ1973 ወስደው በሪዮ ዴ ጃኔሮ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አስገቡት። በ1986 ደግሞ ለጥልቅ ውሃ ጥበብ ብቻ የተለየ የምርምር መርሐ ግብር ከፈቱ፤ የዩኒቨርሲቲው መምህራንና የኩባንያው መሐንዲሶች በአንድነት ሠሩበት። በ2006 ከሁለት ሺህ ሜትር ውሃና ከሁለት ሺህ ሜትር ጨው በታች ቱፒ የሚባለውን ትልቅ መስክ አገኙ። ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ነገር ግን በሠላሳው ዓመት ውስጥ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ተማሪው አንድ ቦታ ላይ ነበር። የውጭ ኩባንያ ቢመጣ ቢሄድ የሚያውቀው ሰው አገር ውስጥ ቀረ።

በእኛ ዘንድ ግን ኩባንያው በተለወጠ ቍጥር ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር በአውሮፕላን ተሳፈረ። አሜሪካዊ በእንግሊዝኛ፣ ሩስያዊ በሩስኛ፣ ቻይናዊ በቻይንኛ ጽፎ ሄደ። በሶቪየት ኅብረት የነዳጅ ትምህርት ተምረው የተመለሱ ወገኖቻችን ነበሩ፤ ሥራው ሲቆም እነርሱም ወደ ሌላ ሥራ ተበተኑ፣ ብዙዎቹም ዛሬ በጡረታ ናቸው። ከነርሱ መካከል ወደ ክፍላችን ተጠርቶ ለተማሪ ሲናገር ያየነው የለም። እኛ የካሉብን ሁኔታ የምናውቀው ከጋዜጣ ነው። ይህ ያሳፍራል። ለኩባንያው አይደለም፤ ለእኛ።

በተማሪዎች ክበብ ሻይ ላይ የሚከራከሩን ወንድሞች ሁለት ነገር ይሉናል። አንዱ፦ «አባይ ላይ ታላቁ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል፤ ዓለምም ከነዳጅ እየሸሸ ነው፤ ጋዙ ለምን አይቀርም?» ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ለመብራትና ለአውቶቡስ ቢሆን ኤሌክትሪክ እንደሚሻል እኛም እናምናለን። ነገር ግን ማዳበሪያ በኤሌክትሪክ ብቻ ርካሽ ሆኖ አይሠራም። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ የሚገኘው ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ሲሆን ሃይድሮጅኑ ዛሬ በአብዛኛው የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። አገራችን ማዳበሪያዋን ከውጭ እየገዛች በጅቡቲ ታስገባለች። በ2025 ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ስምምነት ተፈርሟል። ይህ ሥራ ከተፈጸመ የኛ ቧንቧ ወደ ባሕር መውረድ አያስፈልገውም፤ ከጋዙ መስክ ወደ ጎዴ ቢደርስ ይበቃዋል። በእኛ አስተያየት ጋዙን አቀዝቅዞ ለባዕድ ከመሸጥ በአገር ውስጥ ወደ እርሻ መመለሱ ይበልጣል። ይህን የማይቀበል መምህር ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍብን።

ሁለተኛው ደግሞ በተቃራኒው ብዙ ተስፋ የሚያደርግ ነው። «እንግዲህ ቡታጋዝ ሊረክስ ነው» ይላል። መታረም አለበት። በቤታችን በሲሊንደር የሚነደው ቡታጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በትንሽ ግፊት ፈሳሽ ስለሚሆን በተራ ሲሊንደር ይያዛል። የካሉብ ጋዝ በብዛቱ ሜቴን ነው። ሜቴን በዚህ ሲሊንደር አይታሰርም፤ ወይ እጅግ ቀዝቅዞ በልዩ ቦቴ፣ ወይ በከፍተኛ ግፊት በወፍራም ብረት፣ ወይ በቧንቧ ይሄዳል። ስለዚህ በካሉብ ፋብሪካ ስለ ተመረቀ ነገ ጠዋት በጉለሌ ያለች እናት ወጥ የምትሠራበት አይለወጥም። የእንጦጦን ነገር ያነሣነው ለከፍታው ብቻ አልነበረም። ከዚያ ተራራ፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተተከለው የባሕር ዛፍ ደን፣ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት ሴቶች ዛሬም አሉ። ሸክማቸው ሠላሳ ኪሎ ያልፋል። ከዩኒቨርሲቲው በር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ የሚታይ ነገር ስለ ሆነ ማንም «አላየሁም» ሊል አይችልም። ለነርሱ ጋዙ የሚደርሰው፣ የሚደርስ ከሆነ፣ በማዳበሪያና በፋብሪካ በኩል ዞሮ ነው፤ ለምድጃቸው የሚቀርበው ግን ኤሌክትሪክ ነው። በምረቃ ቀን ይህን ለይቶ የሚነግራቸው መሐንዲስ አላየንም።

እንግዲህ የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። አራት ኪሎ ያለው የሥነ ምድር ትምህርትና አምስት ኪሎ ያለው ምህንድስና በመካከላቸው ያለው ርቀት በእግር የሚሄዱት ነው። የጋዝ ጕድጓድን፣ ቧንቧን፣ ማቀዝቀዝን፣ የውል ንባብን ጨምሮ የሚያስተምር አንድ የጋራ ኮርስ ቢከፈት መምህራኑ በግቢው ውስጥ አሉ። የሚጐድለው ጕድጓዱን በእጁ የነካ ሰው ነው፤ እርሱም ከላይ ያልናቸው ጡረተኞች ዘንድ ይገኛል። በጤናቸው ሳሉ ይጠሩልን። ከሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ዕድሜያቸው ገፍቶ የንግድ ምስጢርነታቸው ያለፈ የጕድጓድ መዝገቦች ግልባጭ ለቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ፣ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በአሜሪካን ጕድጓድ ላይ ከሚጻፍ በካሉብ ላይ ይጻፍ ነበር። በክረምት የሚሰጠው የሥራ ልምምድም እስከ ዛሬ በሕንፃ ሥራ ላይ ብቻ ከሚሆን፣ በዓመት ዐሥር ተማሪ እንኳ ወደ ካሉብ ቢሄድ ከዐሥር ዓመት በኋላ መቶ ሰው ይኖረናል።

ለጊዜው በእጃችን ያለውን እንጀምራለን። ከጎሐ ጽዮን ወርደን በአባይ ድልድይ አጠገብ ያለውን የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ለማየት የአንድ ቀን ጕዞ አስበናል። ከሥነ ምድር መምህራን አንዳቸው እንዲመሩን ጠይቀናል፤ ከምህንድስናም ተማሪ እንዲመጣ እንፈልጋለን፣ ከሥነ ምድር ብቻ ከሆነ ጕዞው ግማሽ ነው። ለአውቶቡሱ ከየሰዉ የሚዋጣው ገንዘብ ገና አልተቈረጠም። ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ መዶሻ ያለው መዶሻውን ይዞ ይምጣ።